የላላው ገመድና አህያ መልስ ዳገት

አምለሰት የመኪናን ፍርሃት ያወቀችው በሠርጓ ዕለት ነው። ሙሽራው ስመኘው ያኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከማንኩሳ፣ ከወላጆቿ ቤት አንስቶ ወደ ቡሬ ሲወስዳት ጋቢና ውስጥ መሀል ላይ አስቀመጣት። አንዲት ቁልቁለት ጋ ሲደርሱ ሚዜዎቹ «እስቲ ልቀቀው፣ ሙሽራዋ ትየው!» አሉት። እሱም ማርሹን ፎሌ አደረገና ለቀቀው። ፎሌ ማለት መኪናው ከማርሽ ተላቆ በገዛ ክብደቱ ሲንደረደር ነው። ነዳጅ አይበላም፤ ሾፌሮች ይወዱታል። አምለሰት ግን ሞተሩ ዝም ብሎ ንፋሱ ብቻ ሲያፏጭ፣ ዓይነ ርግቧን እንደ ደፋች ለማርያም ጧፍ ተሳለች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሚዜዎቹ እንባዋን አይተው «አይ፣ እናቷን አስባ ነው» ብለው አዘኑላት። እናቷን አላሰበችም።

ከዚያ በኋላ ትዳሯ መጠበቅ ሆነ። ስመኘው ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ሲመለስ ጨውና ቆርቆሮ ያመጣል። መሀል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። «ነገ በረሃውን እወርዳለሁ» ብሎ የደወለ እንደሆነ፣ አምለሰት በማግስቱ እህል አትቀምስም። ገመድ፣ ከረጢትና ማጭድ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። በእንዲህ ያለው ቀን ገመድ ስትለካ እጇ ስለሚስት፣ ገበሬዎቹ ክንድ ትርፍ ይዘው ይሄዱ ነበር። የጎረቤት ሴቶች «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» እያሉ ሲስቁባት፣ «ያልበኝ፤ ብቻ አልስጠም» ትላቸዋለች።

ልጆቻቸው አድገው ወጡ። የመጨረሻዋ ፀደንያ ብቻ ቡሬ ቀረች። ያገባችው አንድ አስተማሪ ነው። የባሏ ወላጆች ከቲሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ደጋ ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው።

ከዚያ በአንዱ ክረምት፣ ስመኘው ጧት ሊነሳ ሲል ግራ ጎኑ አልነሳ አለው። ደም ግፊቱ ነው ተባለ። እጁ እየዋለ እያደረ ተመለሰ፤ ግራ እግሩ ግን እንደ ሌላ ሰው እግር ሆኖ ቀረ። ጠያቂ ቤቱን ሞላው። አምለሰት እንደ ወጉ አለቀሰች፤ የምሯንም አለቀሰች። ከእንባዋ ስር ግን አንዲት ትንሽ እፎይታ ነበረች። «በቃ፣ ከእንግዲህ አይነዳም» የምትል። ይቺን ለነፍስ አባቷም አልተናገረቻት።

እፎይታዋ ዓመት አልሞላትም። ስመኘው የጭነት መኪናውን ሸጠና አንድ ቀን በሰው አስነድቶ ከፍኖተ ሰላም አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ይዞ መጣ።

«ይቺ አውቶማቲክ ናት» አላት፣ ምርኩዙን ተደግፎ ኮፈኑን እየዳበሰ። «ፍሪሲዮን የላትም። ግራ እግር አትፈልግም። ማርሹን ራሷ ትቀይራለች።»

«መቼ እንደሚቀየር በምን ታውቃለች?»

«ታውቃለች ስልሽ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮንትራት ሰው ማመላለስ ያዘ። አምለሰት መጀመሪያ ቤት ሆና ጠበቀችው። ጤነኛውን ሰው መጠበቅና በአንድ እግሩ የሚነዳውን መጠበቅ ግን አንድ አልሆነላትም። በሳምንቱ ሱቁን ዘጋችና ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ሾፌር ያለ ረዳት ይሄዳል እንዴ?»

የቀለደች መስሎት ሳቀ፤ እሷ ግን ከምሯ ነው። በወጣትነቱ የነበሩት ረዳቶች ሲያደርጉ ያየችውን ሁሉ አደረገች። ከአናጢ ቤት ታኮ አሠራች፤ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ጎማ ስር የሚወሸቀውን ያንን ሦስት ማዕዘን እንጨት። ከእግሯ ስር አስቀመጠችው። መናኸሪያ ላይ ወጣቶቹ ሲያዩዋት «ረዳቷ መጣች! እማማ፣ ‹ቡሬ ፍኖተ ሰላም› ብለው ይጣሩ እንጂ!» እያሉ ይጮሁባታል። «ስትሳፈሩ እጣራለሁ፤ እናንተ እንደሆናችሁ ሁሌ በነፃ ነው የምትሄዱት» ትላቸዋለች።

ጊዜው ቤንዚን ከማደያ የጠፋበት፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ከሰው እጅ የሚገዛበት ነው። አንድ ቀን ስመኘው ከሾፌሮች ጋር ሲጫወት ውሎ ፊቱ በርቶ ገባ። ዘዴ ተነግሮታል። ኮፈኑን ከፍቶ ጠራት።

«ግቢና ሾፌሩ ቦታ ተቀመጪ። ሞተሩ አይነሳም፣ አትፍሪ። እኔ ‹ርገጪ› ስልሽ ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ትረግጫለሽ።»

አምለሰት ተቀመጠች፤ እግሯን ከመስደዷ በፊት ግን ወርዳ አየች። ከሞተሩ ላይ ተነስቶ ወደ ካምቢዮው፣ ማርሹን ወደሚቀይረው ሳጥን፣ የሚወርድ ቀጭን ገመድ አለ። ስመኘው በአስራ ሁለት መፍቻ የያዘው እሱን ነው።

«ምንድን ነው ገመዱ?»

«ወሬ ነጋሪ ነው። እግሬ ነዳጁን ምን ያህል እንደ ተጫነ ለካምቢዮው ይነግረዋል። ብዙ ስጫን ‹ጭነት አለ፣ ዳገት ነው፣ ማርሹን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ለመቀየር አትቸኩል› ይለዋል። ትንሽ ስጫን ‹ሜዳ ነው፣ ቶሎ ቀይር› ይለዋል።»

«እና ምን ልታደርገው ነው?»

«ላላ ላደርገው። ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፤ ሞተሩ አይጮህም፤ ቤንዚን ይተርፋል።»

«ዳገትም ላይ ሆነን ‹ሜዳ ነው› እያለ ሊነግረው?»

«አንቺ ሴት፣ ለምን ሁልጊዜ ዳገት ይታይሻል? ርገጪ!»

ተመልሳ ገብታ ረገጠች። በገመዱ ላይ የተቆነጠጠች የስንዴ ፍሬ የምታህል ብረት አለች፤ ስመኘው አሳይቷታል። ነዳጁ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ይቺ ፍሬ ከገመዱ የጎማ ሽፋን አፍ ላይ ልክ ብቅ ማለት አለባት። ስመኘው ሁለቱን ዳዶዎች ፈታ፣ ገፋ አድርጎ መልሶ አሰረ። አምለሰት ስትረግጥ ፍሬዋ አልወጣችም፤ ሽፋኑ ውስጥ ተደብቃ ቀረች። «እሰይ!» አለና ኮፈኑን ዘጋ።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ደርሰው ሲመለሱ ስመኘው በደስታ ሊሞት ነው። መኪናዋ ማርሹን ሰውም ሳይሰማ ትቀይራለች። የቤንዚን መለኪያዋ ቀስ ብላ ነው የወረደችው። አምለሰት ግን ማንኩሳን አልፈው ትንሽ ሽቅብ ሲሉ አንድ ነገር ሰማች። ሞተሩ ለአፍታ ብቻውን ጮኸ፤ መኪናው ግን አልተጎተተም። ከዚያ ያዘ።

«ስሜ፣ ሰማኸው?»

«ምኑን?»

«ጮኸ እኮ። ጮኾ አልሄደም።»

«ሄዷል እኮ! ይኸው ቡሬ ልንገባ ነው።»

አምለሰት ታኮውን በእግሯ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ፀደንያ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሲደርስ ክርስትናዋ በፀደንያ ባል አባት ደብር፣ በሚካኤል እንዲሆን ተባለ። የሕፃኗ አባት ከነድግሱ ቀድሞ ሄደ። ማለዳ ላይ ፀደንያ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላ ገባች። ከጎኗ የክርስትና እናት የሚሆኑት ጎረቤታቸው እትዬ ባንቺአየሁ ተቀመጡ፤ ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ አፋቸው የማያርፍ ባልቴት። ከእግራቸው ስር አንድ እንስራ ጠላ፣ ከኋላ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ጆንያ ዳቦ ገብቷል። አምለሰት መኪናው ወደ መሬት ዝቅ ማለቱን አየች።

«ስሜ፣ ገመዱን መልሰን እንሰረው?»

«ቅዳሴ ሊገባብን አምለሰት! ስንመለስ።»

እስከ ቲሊሊ አስፋልቱ ደህና ነበር። እትዬ ባንቺአየሁ ያወራሉ፣ ሕፃኗ ተኝታለች። ከዚያ ወደ ጠጠሩ መንገድ ታጠፉ፤ ጥቂት እንደሄዱ አንድ ወንዝ ተሻገሩና አህያ መልስ የሚባለው ዳገት ከፊታቸው ቆመ። ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በግራ በኩል ግንብ የመሰለ አፈር ነው፤ በቀኝ በኩል ገደል፣ ከገደሉ ስር አሁን የተሻገሩት ወንዝ ከነቋጥኙ።

ስመኘው ነዳጁን ተጫነ። መኪናዋ ወጣች፣ ወጣች፣ መሀል ላይ ማርሽ ቀየረች። መቀየር ያልነበረባት ቦታ ላይ። ሞተሩ ጮኸ። ጩኸቱ እየጨመረ፣ መኪናዋ እየቀነሰች ሄደች። ስመኘው የማርሹን ዘንግ ወደ ታች ሳበው፤ ያው ነው። የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ ገባ። ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ቆመች፤ ቀጥላም፣ እንደ ደከማት በሬ፣ ወደ ኋላ ሸርተት አለች።

ስመኘው ፍሬኑን ረገጠ። ጠጠሩ ከጎማው ስር ተንኳኩቶ ወደ ገደሉ ወረደ። ቆሙ።

«ደረስን እንዴ?» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ።

አምለሰት እንዴት እንደ ወረደች አታውቀውም። ታኮውን ታቅፋ ወደ ኋላ ሮጠች፤ ከግራው ጎማ ስር ወሸቀችና በድንጋይ መታችው። ስትቸኩል አንዱ ምት ጣቷን አገኘው። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«ፀደንያ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውረጂ። በአፈሩ በኩል፣ ወደ ላይ ሂጂ። ከኋላ እንዳትቆሚ።»

«አባባስ?»

«ሂጂ አልኩሽ!»

በእናቷ አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም ነበርና ፀደንያ ወረደች። እትዬ ባንቺአየሁም እየተደገፉ ወጡ፤ ወደ ገደሉ አንድ ጊዜ አይተው አማተቡ። «እኔ ክርስትና ላነሳ ነበር የመጣሁት፤ ፍታት ነው እንዴ የጠራችሁኝ?» አሉ። ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም አልሳቁም። ጠላውን ትተው ዳዊታቸውን ይዘው ከፀደንያ ኋላ ወጡ።

ስመኘው ዘንጉን መቆሚያው ላይ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። የእጅ ፍሬኑ ከድሮም ለስሙ ያህል ነው፤ መቆሚያውም በዚህ ዳገት አይታመንም። ቀኝ እግሩ ፍሬኑን እንደ ረገጠ ነው። አምለሰት በመስኮት ጎንበስ ስትል ጉልበቱ ሲርገፈገፍ አየች። ያችው አንዲቱ እግሩ።

«ገመዱ ነው» አለ፣ ሳያያት። «እኔ ነኝ።»

«አላልኩህም?» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ጉልበቱን ደግማ አየችና ዋጠችው።

«ምን ይደረግ?»

«መልሶ ማጥበቅ ነው። እኔ ከዚህ ከወረድኩ ግን…»

«አትውረድ። መፍቻው የት ነው?»

ኮፈኑን ከፈተች። ሙቀቱ ፊቷን ገረፈው። ገመዱን ለየችው፤ ፍሬዋን ግን አላየቻትም።

«ርገጥ!» አለች፣ ያኔ እሱ እንዳላት።

ወደ እግሩ አየ። «በየትኛው እግሬ?» አላት።

አምለሰት ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። እግሩ አንድ ነው። ነዳጁን ሊረግጥ ፍሬኑን መልቀቅ አለበት። ጆሮዋ ውስጥ ወንዙ ሲጮህ ተሰማት፤ እስካሁን ልብ አላለችውም ነበር።

«በምርኩዝህ ጫነው» አለችው።

ጎንበስ ብሎ በምርኩዙ ጫነ። ፍሬዋ ተንቀሳቀሰች፤ ጫፍ ሳትደርስ ቆመች። «እስከ ወለሉ ደርሷል?» «አልደረሰም፤ ይንሸራተትብኛል።» ሁለተኛ ሞከረ። ምርኩዙ ፈንጠር አለና በሩን መታው፤ መኪናዋ ተወዛወዘች። አምለሰት ጮኸች። ከላይ ፀደንያም «እማዬ!» ብላ ጮኸች፣ ሕፃኗም ነቃችና ማልቀስ ጀመረች።

«አይሆንም» አለ ስመኘው። «ጨርሶ ሳይረገጥ ከለካሽው ልኩ ውሸት ነው። ዛሬ ሌላ ውሸት አልጨምርም። ፍሬኑን ልለቅ ነው።»

«ቆይ! ቆይ በሞቴ!»

ከአፈሩ ግንብ ስር የወደቀ ድንጋይ እየፈነቀለች ወደ ኋላ ተሸከመች። ከቀኙ ጎማ ስር አንድ፣ ከግራው ከታኮው ኋላ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ነጠላዋ ወድቆ ጭቃ ሆነ። በቀኝ በኩል ስትንበረከክ የገደሉ ጠርዝ ተረከዟ ጋ ነበር፤ ወደዚያ አላየችም። ተመልሳ ከፊት ቆመች፣ መፍቻውን ያዘች።

«ስሜ።»

«አቤት።»

«ቀስ ብለህ።»

እግሩን አነሳ። መኪናዋ እህ አለችና እጅ ታህል ወደ ኋላ ሄደች፤ ታኮው ተንቋቋ። አምለሰት መፍቻውን ጨበጠች። ከዚያ ድንጋዮቹ ያዙ። ነዳጅ መርገጫው ወለሉን ሲመታ «ጧ» ሲል ሰማችው። የፊተኛውን ዳዶ ፈታች፣ የኋለኛውን አዞረች። ብረቱ ጣቶቿን ያቃጥላል፤ አልለቀቀችም። አዞረች። ፍሬዋ እንደ አዲስ ጥርስ ከሽፋኑ አፍ ጫፏ ታየ።

«ወጣች?» አለ።

«ጫፏ ብቻ።»

«ጨምሪ። እንዳታልፊ ግን፤ ካለፈች ደግሞ ማርሹ አልቀየርም ይላል።»

ሩብ ዙር አዞረች። ፍሬዋ አፉ ላይ ልክ ቆመች፤ ጥፍር እንኳ በመሀል አይገባም። ዳዶዎቹን ጥርሷን ነክሳ አሰረቻቸው። «ፍሬኑን ያዝ!» ብላ ጮኸች። እግሩ ፍሬኑ ላይ ሲመለስ ሁለቱም አንድ ላይ ተነፈሱ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከቁጥቋጦው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ፤ አምለሰት ግን የምትሰማው ሁሉ የሚንሸራተት ጠጠር ይመስላት ነበር። እንስራውንና ጆንያውን አውርዳ ግንቡ ስር አኖረች።

«አሁን ከልጅሽ ጋር ሂጂ» አላት ስመኘው። «ብቻዬን አወጣዋለሁ።»

«ታኮውን ማን ይይዝልሃል?»

«አምሌ፣ ከኋላዬ ዞር በይ! ቢሸሽስ?»

«ከኋላህ አይደለሁም። በጎንህ ነኝ።»

ተከራክሮ እንደማይረታት አወቀ። ሞተሩን አስነሳ፣ ነዳጁን ተጫነ። አምለሰት በአፈሩ በኩል፣ ከኋለኛው ጎማ ጎን ታኮውን አንስታ፣ ታቅፋ ተራመደች። መኪናዋ ስትሄድ ትሄዳለች፤ ስታመነታ ጎንበስ ትላለች። ሽታው አለቀቃትም፤ ካምቢዮው አንዴ ተጎድቷል። ማርሹ ግን ያዘ። የሚቀየርበት ቦታ ሳይደርስ አልተቀየረም። አፋፉ ላይ ስትደርስ እትዬ ባንቺአየሁ እልል አሉ። ፀደንያ ሕፃኗን አንገቷ ስር ሸጉጣ ታለቅስ ነበር።

ስመኘው ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ። አምለሰት በሩን ከፍታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመሪው አላቀቀች።

«መውጣቱን ወጣን» አለ። «በዚህ ካምቢዮ ቁልቁለቱን አልመልስሽም። ከፍኖተ ሰላም መካኒክ ይምጣ።» ሠላሳ ዘመን ሲነዳ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም።

ቄሶቹ ጠብቀዋቸው ነበር። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት አጥቢያውን በጩኸት ሞላችው። እትዬ ባንቺአየሁ «ጩኺ፣ ጩኺ፤ አንቺስ ምክንያት አለሽ» አሏት።

ከግብሩ በኋላ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ የፀደንያ አማት ወልደ ዮሐንስ በቅሎ ጭነው አመጡ። ከዳገቱ ስር መኪና እንዲጠብቃቸው በስልክ ተነግሯል። ፀደንያና ሕፃኗ እዚያው ያድራሉ። ስመኘውን ሁለት ሰው ተሸክሞ ኮርቻው ላይ አወጣው። አህያ መልስን ቁልቁል ሲጀምሩ በቅሎዋ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ስመኘው የኮርቻውን ጉብታ በሁለት እጁ ጨመደደ።

«ቀስ! ቀስ በሏት! ይቺ ፍሬን የላትም እንዴ?»

«አራት አላት» አሉ ወልደ ዮሐንስ ልጓሙን እየሳቡ። «አንተ ብቻ ነዳጅ አትስጣት።»

አምለሰት በግራ በኩል፣ በማይሰማው እግሩ በኩል ትሄድ ነበር። እግሩ ከእርካቡ እንዳይወጣ ቁርጭምጭሚቱን ይዛለታለች። ገደሉ በዚህኛው ወገን ነው።

«አምሌ» አላት ጎንበስ ብሎ፣ ሰውየው እንዳይሰሙት።

«ወዬ።»

«ፈራሁ።»

ቀና ብላ አየችው።

«እሰይ» አለችው። «ብቻዬን መፍራት ደክሞኝ ነበር።»

በቅሎዋ አንድ ድንጋይ ረገጠችና ተንገዳገደች። አምለሰት ቁርጭምጭሚቱን አጥብቃ ያዘች።